በካፋ ደን ከቈጣሪዎች ጋር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ካፋ የሚጓዝ ሰው፣ ጅማን አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሲወርድ ሙቀት ይቀበለዋል፤ ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ አየሩም የምድሩም መልክ ይለወጥበታል። ከጎጀብ ማዶ ያለውን አገር አረንጓዴ ነው ብሎ ብቻ ማለፍ ንፉግነት ነው። የእንሰቱ አረንጓዴ ፈካ ያለ ነው፤ በውሽውሽ በኩል ያለው የሻይ ተክል እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ ነው፤ ደኑ ግን ወደ ጥቁርነት ያደላል፤ ከሩቅ ለሚያየው የተኛ ከብት ጀርባ ይመስላል። ቦንጋ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በኮረብታው ላይ ተዘርግታለች። ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዝናቡም በዓመት ወደ 1,700 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ የአገሩ ሰው «በጋ» ሲል ዝናቡ ትንሽ የሚያርፍበት ጊዜ ማለቱ እንደ ሆነ ለመረዳት ለእንግዳ ከሁለት ቀን የበለጠ አይፈጅበትም።

በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ወደዚያ የሄድሁት ለሽርሽር አልነበረም። በካፋ ደን የሚኖሩትን ጉሬዛዎችና ጦጣዎች የምታጠና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ለዐሥር ቀን ቈጠራ በጎ ፈቃደኞች እንደምትፈልግ ሰምተን ሰባት ሰዎች ተሰባሰብን፤ ሁለት መምህራን፣ ሦስት ተማሪዎች፣ አንዲት የግብርና ጽሕፈት ቤት ጸሐፊና አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበርን። ደመወዝ የለም። የአውቶቡሱን ዋጋ እያንዳንዱ ከኪሱ ከፈለ፤ ለስንቅ የሚሆነውን አዋጣን፤ ማደሪያችንም በደኑ ዳር ባለ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቹ ለዕረፍት በወጡበት ክፍል ውስጥ ሆነ። በሌላ አገር እንዲህ ያለው ሥራ ከቆየ ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የተመሠረተው ኧርዝዎች የተባለው ድርጅት ተራውን ሰው ከሳይንቲስቶች ጋር እያገናኘ ወደ ዓለም ደኖች ሲልክ ኖሯል፤ ሂያጆቹም ለሚያደክማቸው ሥራ የገዛ ገንዘባቸውን ይከፍላሉ። እኛ ከዚህ አንጻር በርካሽ ደከምን ማለት ነው።

ሳይንስ ያልተማረ ሰው በዚህ ሥራ ምን ይጠቅማል? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ደኑ ሰፊ ነው፤ ማለዳ ግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንስሳቱም ደኅና ሆነው የሚታዩት በማለዳ ነው። አንዲት ተመራማሪ ብቻዋን ብትወጣ በአንድ ማለዳ አንድ መስመር ትጨርሳለች። አራት ቡድን ካለ ግን አራት መስመር በአንድ ጊዜ ይታያል፤ አንዱ መንጋ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሁለት ጊዜ እንዳይቈጠርም ይጠቅማል። የሚፈለገው ዕውቀት ሳይሆን ዐይን፣ እግርና ትዕግሥት ነው። ዕውቀቱን የሚሰጡ ሌሎች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ 760,000 ሄክታር ያህል ነው። በዚያው ዓመት የያዩ፣ በ2004 ዓ.ም. የሸካ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የማጃንግ ደን ተመዝግበዋል። ባዮስፌር ማለት አጥር ማለት አይደለም። ምድሩ በሦስት ይከፈላል፤ እንዳይነካ የተከለለ እምብርት አለ፤ በዙሪያው ሰው በልክ የሚጠቀምበት መከለያ አለ፤ ከዚያ ውጭ ገበሬው የሚያርስበትና ከተማው የሚሰፋበት ክፍል አለ። ከዚህም ምዝገባ ቀደም ብሎ፣ ከ1988 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ፣ በቦንጋ ዙሪያ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባል አሠራር ተጀምሮ ነበር። የደኑ ተጠቃሚዎች በማኅበር ይደራጁና ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማሉ፤ ማኅበሩ ደኑን ይጠብቃል፤ በለውጡም ማሩን፣ ቡናውን፣ ኮረሪማውንና ጥምዙን ይሰበስባል። እኛም የሠራነው በእንደዚህ ያለ ማኅበር ደን ውስጥ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሣለን። ጉሬዛ ከመታየቱ በፊት ይሰማልና ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከአንዱ ሸለቆ አንድ አውራ ያጓራል፤ ድምፁ ከዛፍ ጫፍ የሚመጣ አይመስልም፤ አንድ ግዙፍ እንቁራሪት ከምድር ውስጥ የሚያስተጋባው ይመስላል። እርሱ ሳይጨርስ የማዶው ይቀበለዋል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ በማሕሌት ግራና ቀኝ ተከፍለው እንደሚቀባበሉ መዘምራን ሸለቆው ሁሉ በተራ ይናገራል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫና ሰዓቱን ይጽፋል። ሲነጋ ወደ መስመራችን እንገባለን።

ጉሬዛን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው በአካል ሲያየው መገረሙ አይቀርም። መላ አካላቱ ጥቁር ሆኖ በግራና በቀኝ ነጭ ጠጉር እንደ ካባ ይወርድለታል፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ያ ካባ ይዘረጋና የሚበር ይመስላል። አውራ ጣት የለውም፤ በሥፍራው የቀረችው ጕብር ብቻ ናት፤ «ኮሎበስ» የሚለው የሳይንስ ስሙም አካሉ የጐደለ ከሚል የግሪክ ቃል የወጣው ስለዚህ ነው። ቅጠል በል ነው፤ ሆዱ እንደ ላም ሆድ የተከፋፈለ ስለ ሆነ ሌላው ጦጣ የማይችለውን ቅጠል ያብላላል። ልጁ ሲወለድ ፈጽሞ ነጭ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ ወይዛዝርት ቆዳውን ለልብሳቸው ጌጥ ስለ ወደዱት ብዙ ሺሕ ጉሬዛ በአፍሪካ ደኖች አልቋል። ከጉሬዛው ሌላ በጥላው ውስጥ የሚኖር የቡቱርሊኒ ጦጣ የሚባል አለ፤ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካልሆነ በሌላ አገር አይገኝም፤ እርሱንም በዐሥሩ ቀን ውስጥ የእኛ ቡድን ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

የቈጠራው ዘዴ ቀላል ቢመስልም ብልሃት አለበት። መስመሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይፈቀድም። መንጋ በታየ ጊዜ ሰዓቱ፣ ብዛቱና ከመስመሩ ያለው ርቀት ይጻፋል። ርቀቱ ለምን እንደሚጻፍ ከእኛ መካከል አንድ ተማሪ ቢጠይቅ ተመራማሪዋ እንዲህ ብላ አስረዳችው። ከመስመሩ ዐሥር ሜትር ላይ ያለው እንስሳ ሁሉ ይታያል፤ ስድሳ ሜትር ላይ ካሉት ግን የሚታዩት ጥቂቶች ናቸው። የሚታዩት ብዛት በርቀቱ ልክ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ ከታወቀ፣ ቅጠል የሸፈናቸውን በሒሳብ መገመት ይቻላል። ያላዩትን መቍጠር ማለት ይህ ነው፤ ለዚህም ነው አንድ ሰው ሰንፎ ርቀቱን በግምት ቢሞላ ሥራው ሁሉ የሚበላሸው።

የእኛ ቡድን መንገድ መሪ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ንብ አርቢ ነበሩ። ተመራማሪዋ «አባባ» ትላቸዋለች፤ እርሳቸውም «ልጄ» ይሏታል፤ እኔን ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው «መምህር» ከማለት ፈቀቅ አላሉም። በካፋ ልማድ ደን ባለቤት የሌለው ምድር አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል «ኮቦ» ይባላል፤ ኮቦ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ በዚያ ደን ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት ነው። በሕግ ፊት ደኑ የመንግሥት ነው፤ በልማድ ፊት ግን የማን ኮቦ በየትኛው ጅረት ላይ እንደሚያበቃ እረኛው ሁሉ ያውቃል። ወሩ የካቲት ስለ ነበረ ቀፎ የሚሰቀልበት ጊዜ ነበር። ገተሜ የሚባለው ዛፍ፣ የካፋ ሰው ቡቶ የሚለው፣ ከመጋቢት ጀምሮ ያብባልና ከእርሱ የሚገኘው ማር ነጭ ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ማር ይበልጣል። ይህ ዛፍ ብዙውን ጊዜ በምድር ላይ አይበቅልም፤ ዘሩ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ጉያ ውስጥ ያድርና ሥሩን ቁልቁል ወደ መሬት ይሰድዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ትልቁን ዛፍ ቢቈርጥ የነገውን የገተሜ ማደሪያ ቈረጠ ማለት ነው። አባባም ይህን በስብሰባ አልሰሙትም፤ ከቀፏቸው የተማሩት ነው።

አንድ ማታ ተመራማሪዋ ካርታዋን ዘርግታ ሳለ፣ ባዶ አድርጋ በተወችው ሸለቆ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «እዚህ ሁለት መንጋ አለ፤ የአንደኛው አውራ ዐምና ተለውጧል» አሏት።

«በምን ዐወቁ አባባ?»

«የፊተኛው ድምፁ ወፍራም ነበር፤ የዛሬው ቀጭን ነው።»

በማግስቱ ወደዚያ ሸለቆ ሄድን፤ ሁለት መንጋ ነበረ። የድምፁን ነገር ለማረጋገጥ ግን የሃያ ዓመት ጆሮ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በዐሥር ቀን አይገኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ተመራማሪዋ መስመር ከማስመሯ በፊት ካርታውን ይዛ ወደ እርሳቸው ትሄድ ጀመር።

ከምሳ በኋላ የሚሠራው ሥራ ማንም የማይመርጠው ዓይነት ነበር። ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከለላል፤ በውስጡ ያለው ትልቅ ዛፍ ሁሉ በሰው ደረት ልክ ላይ ውፍረቱ ይለካል፤ ከዚያም ከጉልበት በታች ያለችው ችግኝ ሳትቀር በየስሟ ትቈጠራለች። የባንክ ሠራተኛው «ጉሬዛ ላይ ብዬ መጥቼ ቅጠል ልቍጠር?» ብሎ ሁለት ቀን አጕረመረመ፤ ነገር ግን የእጁ ልማድ ሆኖበት እንደ ገንዘብ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚቈጥር ከሁላችንም ይልቅ የጠራ ወረቀት የሚያስረክበው እርሱ ሆነ።

በእኔ አስተያየት በዚያ ጕዞ ካየነው ሁሉ የሚበልጠውን ነገር ያየነው በዚህ ሥራ ነው። አንዱ የተከለለ ቦታ በጥልቁ ደን ውስጥ ነበር፤ የቀረሮ፣ የብርብራ፣ የዋንዛ፣ ስማቸውን አባባ በካፊኖኖ ብቻ የሚያውቋቸው የሌሎችም ዛፎች ችግኝ ተጨናንቆበት ቈጥረን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሌላው የተከለለው ቦታ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ቡና በሚለቀምበት ደን ውስጥ ነበር። በዚያም ትልልቆቹ ዛፎች እንደ ቆሙ ናቸው፤ ጥላውም ያው ጥላ ነው፤ ከማዶ ኮረብታ ቢያዩት አንዱን ደን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሥሩ ግን በየዓመቱ ስለሚመነጠር ከቡናው በቀር የሚያድግ ነገር የለም። እዚህ ቈጠራው በአርባ ደቂቃ አለቀ። በዚህ አገር ደኖች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ለቡናው የሚደረገው ምንጣሮ በበረታ መጠን የሌሎቹ ዛፎች ችግኝና ሐረግ እያነሰ ይሄዳል። ቀረሮ እስከ 50 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ይወድቃል። በወደቀ ጊዜ ሥፍራውን የሚወርሰው ማን ነው? ሽማግሌዎች ብቻ ያሉበት መንደር ጢሱ ሲወጣ ከሩቅ ደኅና ይመስላል።

የአራዊቱ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር ራቅ ብሎ የሚጓዘው በነፋስ ሳይሆን በእንስሳ ሆድ ነው። እርኩምን የሚመስል፣ በመንቈሩ ላይ ቀንድ የተጫነበት አንድ ትልቅ ወፍ አለ፤ ሲበር የክንፉ ድምፅ እንደ ወናፍ ይሰማል፤ ሾላውንና ሌላውን ፍሬ ውጦ ዘሩን ከማዶ ይጥላል። ጦጣውም እንዲሁ ያደርጋል። ደኑ አራዊት ባይኖሩት የተተከለበት ቦታ ላይ የሚቀር ይሆናል፤ አራዊት ኖረው ሥሩ ዘወትር የሚመነጠር ከሆነም ዘሩ የሚወድቀው በመጥረቢያና በማጭድ ላይ ነው። ሆኖም ቡና ለቃሚውን መውቀስ አይገባም። ቡናው ባይኖር ኖሮ ደኑ ቀደም ብሎ ማሳ በሆነ ነበር። አባባ በኮቦአቸው ውስጥ ለቡናው በሚመነጥሩበት ቦታ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ችግኝ በዱላ ምልክት አድርገው ይተዋሉ፤ ተመራማሪዋም የእነዚህን ችግኞች ዕድገት በየዓመቱ ለመለካት ቍጥር ሰጠቻቸው።

ስለ ቡናው አንድ ነገር ልጨምር፤ በየቢሮው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የምንጠጣው ነውና። በዓለም ላይ የሚለማው የአረቢካ ቡና አብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ተክሎች የተራባ ስለ ሆነ ዘሩ ጠባብ ነው፤ ሰፊው ዘር የቀረው በእኛ ደኖች ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ሰዎች በበሽታው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ እናት ዛፎችን እየፈለጉ ዘራቸውን ፈተኑ። ዛሬ ገበሬው በስም ሳይሆን በቍጥር 74110 እና 74112 እያለ የሚጠራቸው ቡናዎች በዚያ ፍለጋ ከኢሉባቦር የተገኙ ናቸው፤ 74 የሚለውም እ.ኤ.አ. የ1974 ዓመት ምልክት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ከሚታወቁት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች ውስጥ 60 በመቶው ለመጥፋት የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል፤ በዱር የሚበቅለው አረቢካም ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በሽታ መድኃኒቱ በየትኛው ሸለቆ እንዳለ ማንም አያውቅም።

ከመንገድ መሪዎቹ መካከል አንድ ወጣት ከማንጆ ወገን ነበር። ማንጆዎች ከጥንት ጀምሮ በአደን የሚታወቁ የደን ሰዎች ናቸው፤ ሌላው የካፋ ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ ልማዱ እየላላ ቢሄድም ፈጽሞ አልጠፋም። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲቀርብ ወጣቱ ሳይነገረው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እኛ እንግዶቹ ጠርተነው አብሮን በላ፤ ሁለት የመንደሩ ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከትሪው ጥቂት ፈቀቅ እንዳሉ ነበሩ። በእርጥብ አፈር ላይ ያለው ዱካ የድኩላ ወይም የከርከሮ መሆኑን ቆም ሳይል የሚለየው እርሱ ነው፤ ተመራማሪዋ የእንስሳውን ሙቀትና እንቅስቃሴ ዐውቃ በራሷ ፎቶግራፍ የምታነሣውን ካሜራ በየትኛው ዛፍ ላይ እንደምታስር የጠየቀችውም እርሱን ነው። የደን ማኅበሩ ውል ሁሉንም እኩል አባል ያደርጋል፤ ወረቀቱ ትሪውን ቀድሞታል።

በስድስተኛው ቀን ማታ በደኑ ዳር ባለ አንድ ቤት ቡና ተፈልቶ ተጠራን። ባለቤቱ ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ድረስ ዝም ብሎ ሲያዳምጠን ቆይቶ «ዝንጀሮውን ስትቈጥሩ፣ የበላብኝንም በቆሎ ቍጠሩልኝ እንጂ» አለ። ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በቆሎው በዚያ ወር በማሳው ላይ አልነበረም፤ ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣም። ዝንጀሮውና ጦጣው እሸቱን ብቻ ሳይሆን የተዘራውን ዘር ሳይቀር እየጫሩ ያወጡታል፤ ሌሊት ደግሞ ከርከሮው ይተካል። ጉሬዛው በአብዛኛው ከዚህ ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ከሌባ ጋር በአንድ ዛፍ የሚያድር ሁሉ ስሙ ይጠፋል። እኔን ይበልጥ የነካኝ የዚያ ሰው ሁለት ልጆች በቆሎው ሲያሽት ለጥበቃ ስለሚወጡ ብዙ ሳምንት ከትምህርት የሚቀሩ መሆናቸውን መስማቴ ነው። እኛ የተኛንበት ክፍል የእነርሱ ክፍል ነበር።

የግብርና ጽሕፈት ቤቷ ጸሐፊ «በመዝገባችን ላይ የዚህ ዓይነት መደብ የለም» አለች፤ ጥቂት አሰብ አድርጋም «እንጨምር» አለች። በቀሩት ቀናት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን በደኑ ዳር ያሉትን ቤቶች እየዞርን፣ የትኛው እንስሳ በየትኛው ወር ምን ያህል እንዳጠፋ፣ ጥበቃው ላይ ማን እንደሚውል ጠየቅን። ተመራማሪዋ መጀመሪያ ይህ ከጥናቷ ውጭ ነው ብላ አመነታች፤ አንድ ሰው እየተበላ ለሚበላው እንስሳ ጠባቂ እንዲሆን በምን አፍ እንጠይቀዋለን ብላ የተከራከረቻት ያችው ጸሐፊ ናት። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። መደቡ ተጨመረ።

ወደዚህ ዓይነት ሥራ ለመሄድ የሚያስብ ወጣት ቢኖር፣ ጥሩ ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ይያዝ፤ የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ያስገባ፤ ጉንዳኑ ለበጎ ፈቃደኛም አያዝንም። ደማቅ ልብስ አያስፈልግም። ስልኩን አውጥቶ ከጉሬዛ ጋር ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚሮጥ ሰው መንጋውን ያሸብርና የዚያን ማለዳ ቈጠራ ያጠፋል፤ ስለዚህ ስልክ በመስመር ላይ ከከረጢት አይወጣም ነበር።

በመጨረሻው ቀን የመመዝገቢያውን ወረቀት ወደ አማርኛ መልሰን፣ የሸለቆዎቹንና የዛፎቹንም ስም አባባ እንደሚጠሯቸው በፊደል ጽፈን ለማኅበሩ አስረከብን። ከዚያ በፊት መስመሮቹ በካርታው ላይ በቍጥር ብቻ ይታወቁ ነበር። ማንጆው ወጣትና አንዲት የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረች ልጅ ርቀት መለካቱንና ወረቀት መሙላቱን ስለ ለመዱ የሚቀጥለውን ቈጠራ እነርሱ እንዲመሩት ተስማምተዋል። ጊዜው ሲመከር ገበሬው ከበሩ ላይ ሆኖ «በቆሎው ሲያሽት አድርጉት» አለ። ወቅቱ ዝናብ የሚበዛበት በመሆኑ ለቈጠራ አይመችም፤ ተመራማሪዋ ይህን ነገረችው። ከዚያ በኋላ ወሩን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።